ለእንጦጦ ዳገት የሚሆን የጋራ ፕሌይሊስት

የጋራ ፕሌይሊስት መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው የጋራ ዝርዝር በሞቅታ ይከፈታል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘው ሁሉ ዘፈን ይጭንበታል፣ ወር ሳይሞላው ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው ይጠፋል። ጥፋቱ የአፑ አይደለም። ዝርዝሩ ለምን እንደተከፈተ፣ ስንት ዘፈን እንደሚይዝና ማን እንደሚያስተካክለው ማንም ስላልወሰነ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአንድ ጉዞ ይነሣል። ጓደኛሞች እሑድ ጠዋት የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተገናኝታችሁ በጉራራ በኩል ወደ እንጦጦ ልትወጡ ነው እንበል። አንዱ ከኮተቤ ይመጣል፣ አንዷ ከሾላ፣ ሌላው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ አንዷ ደግሞ ዋሽንግተን ናት። መራመድ ባትችልም ዘፈን ግን ታዋጣለች። ለሠርግም ሆነ ለሐዋሳ መንገድ አካሄዱ ያው ነው።

ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁረጡ። ስምንት ሰዎች አምስት አምስት ዘፈን ቢያዋጡ 40 ዘፈን ይሆናል። አንዱ ዘፈን በአማካይ አራት ደቂቃ ተኩል ቢወስድ ሦስት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ይህ ለመውጫው፣ ለዕረፍቱና ለመመለሻው ጅማሬ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ ማንም የማይደርስበት ጭራ ነው። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት ሄዶ የተመረጡ ዘፈኖችን ያስቀዳ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀው ነበር፤ ባዶው ካሴት የ60 ወይም የ90 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ ገጽ የሚገባው 30 ወይም 45 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጽፎ ነው የሚሄደው። ስፖቲፋይ በአንድ ፕሌይሊስት እስከ 10,000 ዘፈን ይፈቅዳል። ይህን ልቅነት እንደ ጥቅም አትቁጠሩት።

ቀጥሎ በአንድ ድምፃዊ ላይ ገደብ አድርጉ። አንድ ሰው ከአንድ ዘፋኝ ከሁለት በላይ አያስገባም፣ ዝርዝሩ ላይም አንድ ዘፋኝ ከሦስት ጊዜ በላይ አይመጣም ብላችሁ ብትጀምሩ ይበቃል። ይህ ሕግ የሚያስፈልገው በየቡድኑ አንድ የቴዲ አፍሮ ሰው ስላለ ነው። ዝም ከተባለ «አቡጊዳ»ን፣ «ያስተሰርያል»ን፣ «ጥቁር ሰው»ን እና «ኢትዮጵያ»ን ከነሙሉ አልበማቸው ይዞ ይመጣል። አይፈረድበትም፤ ግን የራሱን ዝርዝር ለብቻው ይክፈት።

ሦስተኛውና ብዙ ቡድን የሚዘለው ጉዳይ ተረኛ መሰየም ነው። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ከሌለው እንደማይሰበሰብ ሁሉ የጋራ ዝርዝርም ባለቤት ይፈልጋል። ተረኛው በየጉዞው ይቀያየር። ሥራው ሁለት ነው፤ የተደጋገመውን ማውጣትና ቅደም ተከተሉን ማስተካከል። የሰው ምርጫ አልጣመኝም ብሎ የመሰረዝ ሥልጣን ግን የለውም። ይህን በግልጽ ካልተነጋገራችሁ የመጀመሪያው ጠብ ከዚህ ይነሣል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ አፖች ማን እንዳስገባ ያሳያሉ፣ ማን እንዳወጣ ግን አይናገሩም።

የትኛው አፕ

መልሱ ቀላል ነው፤ ከመካከላችሁ በጣም ደካማ ስልክና በጣም ትንሽ ዳታ ያለው ሰው በሚጠቀምበት። ለብዙ ቡድን ያ ዩቲዩብ ነው። አብዛኛው ሰው ስልክ ላይ አስቀድሞ ተጭኗል፣ የአገራችንም ዘፈን፣ የድሮውም የአዲሱም፣ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ጉድለቱም መታወቅ አለበት። ካልከፈላችሁ ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ይቆማል፣ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ ቪዲዮውም ዳታና ባትሪ ይበላል። ስፖቲፋይ ለጋራ ዝርዝር ከሁሉም የተመቸ ነው፤ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታው ትንሽ ነው፣ በእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብም ያስገባው ሰው ፎቶ ይታያል። ወደ ስልክ ሳያወርዱ ሁሉንም መስማት ይቻላል፤ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለመስማት ግን መክፈል ያስፈልጋል። አፕል ሚዩዚክ የጋራ ዝርዝር የጀመረው በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው አይኦኤስ 17.3 ነው፤ ሁላችሁም አይፎን ከሌላችሁ አትድከሙበት።

ቴሌግራም የሙዚቃ አፕ ባይሆንም ከዚህ ዝርዝር ሊቀር አይችልም። ግሩፕ ከፍታችሁ የድምፅ ፋይል ብትልኩበት አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጫወታል፤ የግሩፑን ስም ነክታችሁ ሙዚቃ የሚለውን ክፍል ስትከፍቱም ሁሉም ዘፈን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አንዴ የወረደ ፋይል ያለ ኔትወርክ ይጫወታል። ግን በዚህ መንገድ ከሚዞረው ፋይል አብዛኛው ለድምፃዊውም ለገጣሚውም አንዲት ሳንቲም አያስገባም። አውታር የተባለው የአገር ውስጥ የሙዚቃ አፕ በ2011 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይህንኑ ለማስተካከል ነበር የሚደክመው፤ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ስለዚህ ቴሌግራሙን ለወሬና ለስም ዝርዝር፣ እንዲሁም በገንዘባችሁ ለገዛችሁት ዘፈን ብትጠቀሙበት ይሻላል። ከዚህ በታች እንደምታዩት ግሩፑ ሌላም ጥቅም አለው።

ዝርዝሩን መክፈት

በዩቲዩብ፦ ከምትፈልጉት ዘፈን ሥር «ሴቭ» የሚለውን ጫኑና አዲስ ፕሌይሊስት ክፈቱ። ስም ሲጠይቃችሁ «ምርጥ ዘፈኖች» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከሌሎች አምስት «ምርጥ ዘፈኖች» አትለዩትም። «እንጦጦ ጥቅምት» ብትሉት ዓላማውንም ጊዜውንም ይይዛል። ማን ይየው ሲል ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ ሁሉም ሰው፣ ሊንኩ ያለው ብቻ፣ ወይም እናንተ ብቻ። መካከለኛውን ምረጡ። ከዚያ ወደ ፕሌይሊስቱ ገጽ ገብታችሁ በማስተካከያው ውስጥ «ኮላቦሬት» የሚለውን አብሩ። የሚወጣውን ሊንክ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፉ። ሰዎቹ ሊንኩን ነክተው ሲገቡ ማስገባት ይችላሉ። ሁሉም መግባታቸውን ካያችሁ በኋላ ተጨማሪ ሰው እንዳይገባ ግብዣውን ዝጉት፤ ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ የማታውቁት ሰው የማታውቁትን ነገር ሊያስገባ ይችላል።

በስፖቲፋይ፦ የመደመር ምልክቱን ነክታችሁ ፕሌይሊስት ክፈቱ፣ ከስሙ ሥር ያለውን የሰውና የመደመር ምልክት ንኩ፣ የሚወጣውን ሊንክ ላኩ። ይህ የግብዣ ሊንክ የሚሠራው ለሰባት ቀን ነው። «ሊንኩ አልሠራልኝም» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፣ አዲስ ላኩለት። ልብ በሉ፣ እዚህ የተጋበዘ ሰው ሁሉ መጨመር ብቻ ሳይሆን መሰረዝም ቦታ መቀየርም ይችላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲደረድር ነገሩ ስለሚበላሽ «ድርደራው የተረኛው ነው» የሚለው ሕግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ብሌንድ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እስከ አሥር ሰው የሚሰማውን አይቶ ራሱ ይቀላቅላል። ለወሬ ያህል ደስ ይላል፣ ለጉዞ ግን አይሆንም። ማሽኑ ዳገት አያውቅም።

ዘፈኑን ማግኘት

አማርኛ ዘፈን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በፊደላችን ስትጽፉ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ጸ እና ፀ ለአፑ የተለያዩ ናቸው። ፀሐዬ ዮሐንስን የሚፈልግ ሰው «ጸሃዬ» ብሎ ጽፎ አጣሁት ይላል። ካልመጣ ፊደሉን ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ያም ካልሆነ በላቲን ጻፉ። በላቲንም መከራ አለ፤ አንዱ አሳታሚ የጻፈበትን ሌላው አይጽፍበትም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀውና ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ስሞችን በፈረንሳይኛ ልማድ ነው የሚጽፈው። የጥላሁን ገሠሠን ስም ሲጽፉ ከ«ቲ» ቀጥሎ «አይ»ን ትተው በቀጥታ ወደ «ኤል» ይሄዳሉ፣ «ሁ»ን ለመጻፍ ደግሞ «ኦ» እና «ዩ»ን ያጣምራሉ። እኛ እንደለመድነው ብትጽፉ አንዳንዱ ቅጂ አይመጣም። ቀላሉ ዘዴ በቁጥሩ መፈለግ ነው። ቁጥር 4 የሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ 7 የማሕሙድ አሕመድ፣ 10 ለትዝታ የተሰጠ፣ 17 የጥላሁን፣ 21 የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ።

የትኛው ቅጂ እንደሆነ መናገርም ያስፈልጋል። «ትዝታን ጨምሪልኝ» ብሎ መልእክት መላክ ምንም አለማለት ነው። የማሕሙድ አለ፣ የበዛወርቅ አስፋው አለ፣ የካሣ ተሰማ አለ፤ ጌታቸው ካሣማ አንድ ሰው ሆኖ ቀስ ያለውንም ፈጠን ያለውንም ተጫውቷል። ስለዚህ በግሩፑ ላይ ስትጠይቁ የድምፃዊውን ስም፣ አልበሙን ወይም ዘመኑን፣ ስቱዲዮ ወይም ላይቭ መሆኑን ጻፉ። አፑ ተደጋገመ ብሎ የሚያስጠነቅቀው አንዱን ፋይል ሁለቴ ስታስገቡ ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዘፈን ከሁለት አልበም ቢያስገባ ዝም ይላል። ይህን የሚለቅመው ተረኛው ነው።

ዩቲዩብ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዱ «ቆየት ያሉ ዘፈኖች» የሚል የአንድ ሰዓት ስብስብ አንሥቶ እንደ አንድ ዘፈን ያስገባዋል፣ የሌሎቻችሁ ምርጫ ሁሉ ከዚያ ኋላ ተቀበረ። ከአሥር ደቂቃ በላይ የሆነ ነገር አይገባም በሉ። ግለሰቦች የጫኑት ቪዲዮ ደግሞ በባለመብቱ አቤቱታ በማንኛውም ቀን ሊነሣ ስለሚችል በተቻለ መጠን ከድምፃዊው ወይም ከአሳታሚው ቻናል አስገቡ፤ እንደ ናሆም ሪከርድስ፣ ሆፕ እና ምነው ሸዋ ያሉት ብዙ አልበም በራሳቸው ቻናል አስቀምጠዋል። ጥራቱም ይሻላል።

ድርደራው

ሁሉም ካዋጣ በኋላ ያለው ሥራ ይህ ነው፣ ብዙው ሰው ግን «ሸፍል» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል። ለመንገድ የሚሆን ዝርዝር ሸፍል አይደረግም። ከተማው መሀል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የእንጦጦ ሸንተረር 3,000 ሜትርን ያልፋል። ልዩነቱ በእግር ሲወጣ በደረት ይታወቃል። ስለዚህ አብረው የሚዘፈኑትን ዘፈኖች ሁሉ መጀመሪያ ላይ፣ አስፋልቱ ገና ለጥ ያለበት ቦታ ላይ ጨርሷቸው። ሰው አፍ ላይ ያለውን የጃኪ ጎሲን ዘፈን ዳገት መሀል ብታስገቡት የሚዘፍን አይኖርም፤ ሁሉም ትንፋሹን ነው የሚፈልገው።

ቀጥ ያለው ዳገት ላይ የሚያስፈልገው እኩል የሚረግጥ ምት ነው። ቺክቺካ የምንለው ምት ስድስት ቢቆጠርም ሰውነት የሚሰማው ሁለት ሆኖ ነው፣ ግራ ቀኝ ለመራመድ የተሠራ ይመስላል። መካከለኛ ፍጥነት ያላቸውን እዚህ ደርድሩ። ጉራጊኛን ግን ለዳገት አታስገቡ። እግር ምቱን ተከትሎ ይሮጣል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እሱን ላይ ደርሳችሁ ቆሎውና ዳቦው ከተበላ በኋላ አውጡት፣ ያኔ ጭፈራውም ይመጣል። ለመውረጃው የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ የሮፍናንን «ነጸብራቅ» ለሚወዱት ቦታው እዚያ ነው።

ትዝታን ከዳገት በፊት ያስገባ ተረኛ ከሥልጣኑ ይውረድ። ሰው ገና ሳይወጣ ልቡ ይከብዳል። ቦታው ላይ ደርሳችሁ፣ ዛፉ ሥር ዐረፍ ብላችሁ ከተማውን ቁልቁል ስታዩ ነው።

ከምቱ ቀጥሎ ቅኝቱን ስሙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው አንዱ ድምፅ ሲለወጥ ጠባዩ ሁሉ ይለወጣል። ሁለት የባቲ ዘፈን ተከታትሎ ቢመጣ ጆሮ ሳይታወቀው ይቀጥላል። ከትዝታ ድንገት ወደ አንቺ ሆዬ ስትዘሉ ግን ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ የሆነ ነገር እንደተቀየረ ይሰማዋል። መቀየሩ ክፉ አይደለም፣ ታስቦ ይሁን ነው። መሀሉ ላይ በተለምዶ ክላሲካል የምንለውን፣ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ሙዚቃ ማስገባት ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። የሙላቱ «የከርሞ ሰው» እዚህ ይገባል፤ ዓለም በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም የሰማው እሱን ነው። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትም ይገባል፤ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን ዋሽንግተን አካባቢ ሠርቶት በ2013 እንደገና ከወጣ በኋላ በሁሉም አፕ ላይ ይገኛል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ግን ለስፒከር አይሆንም። ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ግማሹ አይሰማም። እሱን ለብቻቸው ኢርፎን አድርገው ለሚመለሱት ተዉላቸው።

የቋንቋውንም ነገር አስቡበት። እያንዳንዱ ሰው ከአምስቱ አንዱን ቤተሰቡ ከሚናገረው ቋንቋ ያምጣ፤ አፋን ኦሮሞም ይሁን ትግርኛ፣ ወላይትኛም ይሁን ሐረሪ። አሊ ቢራን ወይም ኪሮስ ዓለማየሁን የምታውቁ ይመስላችኋል እንጂ ያደገበት ሰው የሚያመጣላችሁ ዘፈን ሌላ ነው። ያመጣውም ሰው ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ሁለት መስመር ግሩፑ ላይ ይጻፍ። ያለዚያ የማይገባቸው ሰዎች ሲደርስ ወሬ ይጀምራሉ።

ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች። በስፖቲፋይ ማስተካከያ ውስጥ አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር የሚያደራርበው እስከ 12 ሰከንድ ይደርሳል፤ ዜሮ አድርጉት። የእኛ ዘፈን መግቢያው ረጅም ነው፣ መጨረሻውም እየደበዘዘ ነው የሚያልቀው፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ገበያ ይሆናል። የድምፅ መጠንን እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያ ግን አብሩት። ከሸክላና ከካሴት የተቀዳው የድሮ ዘፈን ዝቅ ያለ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ዘፈን ጆሮ ይበሳል።

ዘፈን ለማይሰማባቸው ወራት

ሁዳዴ ሲገባ ከመካከላችሁ ዘፈን የማይሰማ ይኖራል፣ በረመዳንም እንዲሁ። «ለአንተ ብለን አንዘጋም» ማለት ጓደኝነት አይደለም። ለዚያ ወቅት ሌላ ዝርዝር ክፈቱ፣ ከዘፈኑ ጋር ግን አትደባልቁ፤ መዝሙርና መንዙማን ከጭፈራ ዘፈን ጋር በአንድ ዝርዝር ማሰለፍ ባለእምነቱን ያስከፋል፣ ጭፈራ የሚፈልገውንም አያስደስትም። የዓለሙ አጋ በገና ለጾሙ ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው፤ ከላይ በጠቀስኩት በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ቁጥር 11 የእሱ ነው።

ዳታውና ማውረዱ

ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገቡ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ከቤት ሳትወጡ መውረድ አለበት። ሒሳቡን እወቁት። ሦስት ሰዓት የሚሆነው ዝርዝር በስፖቲፋይ መካከለኛ ጥራት፣ በሰከንድ 96 ኪሎቢት፣ 130 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ160 ከሆነ ወደ 216፣ በ320 ደግሞ 432 ሜጋባይት ይደርሳል። ለብሉቱዝ ስፒከር፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ 96 ወይም 160 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለስፒከሩ የማይሰማውን መክፈል ነው። ሰባት ሰው አያውርድ። አንድ የከፈለ አካውንት ያለው ሰው አውርዶ ስፒከሩን ይያዝ፣ ሌሎቹ ወጪውን ይጋሩ፤ በቴሌብር መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ማውረዱን ቅዳሜ ሌሊት አድርጉት። የሚያጫውተው ሰው ከፋይ መሆኑ ለቅደም ተከተሉም ይጠቅማል፤ ነፃው አካውንት ስልክ ላይ ዘፈኖቹን እየቀላቀለ ሊያጫውትባችሁ ይችላል።

አውርዳችሁ ስትጨርሱ ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ዘፈን ሞክሩ። የወረደ የሚመስል ግን ያልወረደ ዝርዝር የሚታወቀው ጉራራን ካለፉ በኋላ ነው።

ስፒከሩ ላይ

እንጦጦ የእናንተ ብቻ አይደለም። ማርያምና ራጉኤል አጠገብ፣ እንዲሁም ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ስፒከሩን ቀንሱ አይባልም፤ ይጠፋል። ተረኛው ድርደራውን ሲያወጣ እነዚህን ቦታዎች አስቦ ቢሆን ጥሩ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳም፣ ልጆች ይዞ የመጣም አለና ድምፁ ከቡድናችሁ ባያልፍ ይመረጣል። ማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች ከኋላ ሲመጡ መንገድ ልቀቁላቸው። ኢርፎን የምታደርጉ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉ፤ ዳገቱን የሚወርድ መኪናም፣ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ከኋላ ይመጣሉ፣ መንገዱም የእነሱ ነው።

ሩቅ ላለችው

ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛ አብራ መስማት ከፈለገች ስፖቲፋይ ጃም የሚባል ነገር አለው። የከፈለ ሰው ይከፍተዋል፣ እስከ 32 ሰው ይገባበታል፤ ከሩቅ ሆኖ ለመግባት ግን እሷም ከፋይ መሆን አለባት። ጊዜውን ለሁለታችሁ የሚመች አድርጉት። እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ እንደ ወቅቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ቀን ነው፣ የምሳ ሰዓቷ። አንዳንድ ዘፈን እዚህ ተከፍቶ እዚያ ሊደበዝዝ ይችላል፤ መብቱ በየአገሩ ስለሚለያይ ነው። እንዲህ ሲሆን የዚያኑ ዘፈን ሌላ አልበም ላይ ያለውን ቅጂ ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

ከጉዞው በኋላ

በሚቀጥለው ጉዞ በድሮው ላይ አትጨምሩ። ያለቀውን ዝርዝር ቆልፉት፣ አዲስ ክፈቱ፣ ተረኛውን ቀይሩ። ሁሉም የወደደውን አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ ወደ አዲሱ ማሻገር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ካሻገራችሁ አዲስ ዘፈን መስማት ያቆማችሁ ጊዜ ነው።

የዝርዝሩንም ቅጂ በጽሑፍ ያዙ። አፕ ላይ ያለ ዘፈን ውል ሲያልቅ ይደበዝዛል፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው «ይህ ቪዲዮ የለም» ይላል፣ ያኔ የዘፈኑ ስም እንኳ አብሮ ይጠፋል። ተረኛው ጉዞው ሳይደርስ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በአንድ መልእክት እንዲህ ብሎ ይለጥፍ፦ ተራ ቁጥር፣ ድምፃዊ፣ የዘፈኑ ስም፣ አልበም ወይም ዘመን፣ ያመጣው ሰው። መልእክቱን ከላይ ይሰካው፣ የግብዣውን ሊንክ ግን ከሥሩ ያጥፋ።